ቁም ሳጥንሽን የሞላው ይሉኝታ ነው

ጥያቄ፦

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 28 ዓመቴ ነው። የምኖረው ደሴ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ኮምቦልቻ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል። በየቀኑ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ቁም ሳጥኔ ልብስ ሞልቶ በሩ አልገጥም ብሏል፤ ጠዋት ጠዋት ግን የምለብሰው አጣለሁ። ዞሬ ዞሬ የማነሳው ያንኑ ሦስቱን ነው፦ አባቴ ተማሪ ሳለሁ የገዛልኝን ጥቁር አረንጓዴ ሹራብ (ክርኑ ተበልቷል)፣ አንድ ሰማያዊ የጥጥ ሸሚዝና ኪስ ያለው ግራጫ ረጅም ጉርድ። መሥሪያ ቤት ‹ምነው እንደ ባልቴት ለበስሽ› ይሉኛል። ይህን ስሰማ በየወሩ እገዛለሁ። ሱቅ ገብቼ ሻጩ አሥር ልብስ ካወረደልኝ በኋላ ሳልገዛ መውጣት ያሳፍረኛል። ከቴሌግራም ያዘዝኩትም ፎቶው ሌላ፣ የመጣው ሌላ እየሆነብኝ ነው። የእናቴ ወገን ሙስሊም፣ የአባቴ ወገን ክርስቲያን ስለሆነ ከመውሊዱም ከጥምቀቱም ከሰርጉም አልቀርም፤ ባለፈው ዓመት ብቻ ለአራት ሰርግ አራት የአጃቢ ቀሚስ አሰፍቼ አንዱንም ሁለተኛ አልለበስኩትም። አሁን 8,000 ብር እቁብ ወጥቶልኛል። እንደ በፊቱ ሜዳ ላይ እንዲቀር አልፈልግም። የራሴ የምለው አለባበስ እንዲኖረኝ ምን ልግዛ?

ዓይን አዋጅ የሆነባት፣ ከደሴ»

መልስ፦

እታለም፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ያየሁት «ምን ልግዛ» የሚለውን ብቻ ነበር። ስደግመው ግን ዓይኔ ሦስቱ ልብሶች ላይ ቀረ። የራሴ የምለው አለባበስ ይኑረኝ ትያለሽ፤ እኔ እንደማየው አለሽ። ስንት ዓመት ሙሉ ከላይሽ ያልወረደው እሱ ነው።

እስኪ ሦስቱን አልጋ ላይ ዘርጊያቸውና ደህና አድርገሽ እያቸው። ቀለማቸው የረጋ ነው፤ የሚያብለጨልጭ የለበትም። ቁመታቸው ረዘም ያለ ነው። ሸሚዙ ጥጥ ነው፤ ሹራቡም ከተማሪነትሽ ጀምሮ እስከ ዛሬ የቆየሽ ደህና ክር ቢሆን ነው። ስለ ጉርዱ ስትነግሪኝ ደግሞ ከቀለሙ ያስቀደምሽው ኪሱን ነው። ይህ እንዲያው የመጣ አይመስለኝም። በየቀኑ ሚኒባስ የሚሳፈር ሰው ረዳቱ «ሒሳብ» ሲለው ቦርሳ መበርበር ይሰለቸዋል፤ አንቺ እጅሽን ኪስሽ ከተሽ ዝርዝሩን ታወጪያለሽ። ልብሶቹን የምትወጃቸው ኑሮሽን ስለሚያውቁት ነው። ቀለም፣ ጨርቅ፣ አንገት፣ እጅጌ፣ ቁመት፣ ኪስ ብለሽ የሦስቱን ጠባይ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊው። ገበያ ይዘሽው የምትወጪው ይህን ወረቀት ነው።

ቀጥሎ ከማይለበሱት ውስጥ አምስቱን አውጪ። ከእያንዳንዱ ጎን ያስገዛሽን ሰው ጻፊ። «ሻጩ ደክሞልኝ ነበር»፣ «የቢሮ ልጆች ስለሳቁብኝ»፣ «ሙሽራዋ እንዳይከፋት»። ስትጨርሺ ራስሽ ታይዋለሽ፤ ቁም ሳጥንሽን የሞላው ይሉኝታ ነው። እንዲህ ስልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እኛ ወሎዎች ሰው እንዳይከፋብን ስንል ብዙ ነገር እንሸከማለን፤ ይህ ጠባያችን በሌላ ቦታ ያኮራል። በልብስ ገበያ ላይ ግን ኪስ ያራቁታል።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኔም እንደ ብዙው ሰው በችኮላ ነው ከቤት የወጣሁት። በአንዲት ፌስታል ያነሳሁት ጋቢዬን፣ ሁለት የጥጥ ቀሚስና አንድ ሹራብ ነበር። ሰው ቤት ተጠግቼ በከረምኩባቸው ሳምንታት ጥያቸው ከመጣሁት ልብሶች አንዱም ትዝ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ልብስ ልገዛ ስል «ያኔ ቢሆን ይህን አነሳው ነበር?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ከባድ ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከብዙ ወጪ አድኖኛል።

አሁን ወደ ሱቁ ልምጣ፤ አንቺን የጎዳሽ ዋናው እሱ ስለሆነ።

ሻጩ «ግቢ እስኪ፣ ማየት በነፃ ነው» ይልሻል። ትገቢያለሽ። አንዱን ያወርዳል፣ ሌላውን ያወርዳል፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ የሱ ድካም የአንቺ ዕዳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለሽ ትገዣለሽ። መድኃኒቱ በር ላይ ነው ያለው። ገና ስትገቢ የምትፈልጊውን ከወረቀትሽ ላይ ቁርጥ አድርገሽ ንገሪው፦ «ቡናማ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጥጥ፣ እጅጌው ረጅም፣ ይሄን ያህል ሳይዝ። ዛሬ ለማየት ነው የመጣሁት።» እንዲህ ያልሽው ሻጭ አሥር አያወርድም፤ ያለውን ሁለት ሦስት ያሳይሻል፣ ከሌለው የለኝም ይልሻል። ለሱም ጊዜ ይተርፈዋል፣ ላንቺም።

ስትወጪ ደግሞ «ውድ ነው» አትበዪ። ብዙዎቻችን የምንያዘው እዚህ ላይ ነው። ውድ ነው ካልሽው ይቀንስልሻል፤ ከቀነሰልሽ በኋላ መውጫው ይጠብሻል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አደከምኩህ፤ አልሆነኝም» በዪና ውጪ። አልሆነኝም ያለን ሰው የሚከራከር ሻጭ ብዙ አላየሁም፤ የሚከራከርም ካለ ገላሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያው ቀን ፊትሽ ይግላል። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ይለምድልሻል።

መልበሻ ክፍል ካለ ለብሰሽ እዪ፤ ስትለብሺ ግን ከመስታወት ፊት ተገትረሽ አትቅሪ። ቁጭ በዪበት። እጅሽን ወደ ላይ አንስተሽ የሚኒባሱን ጣሪያ እንደምትይዢ አድርጊ። ጎንበስ ብለሽ ጫማሽን እሰሪ። ሸሚዙ ከወገብሽ ከተመዘዘ፣ ቁልፎቹ መሃል ደረትሽ ላይ ከተከፈተ፣ ሥራ ላይ ስምንት ሰዓት ሙሉ ስትጎትቺው ትውያለሽ። ጃኬት ወይም ካፖርት ከሆነ የምትለኪው ሹራብ ለብሰሽ ሄደሽ መሆን አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን ትከሻውን እዪ። ይህን የተማርኩት ብር ከፍዬ ነው። ልጅ ሳለሁ ለእህቴ ሰርግ አንድ ቡናማ ካፖርት ገዛሁ። ትከሻው ሰፍቶኝ ነበር፤ ባለሱቁ «ልብስ ሰፊ ያስተካክልልሻል፣ ቀላል ነው» አለኝ። በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግተው የሚሠሩ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። ካፖርቱን ገልብጠው ገበሩን አሳዩኝ። አውራ ጣታቸውን እጅጌውና ትከሻው የተገጠሙበት ስፌት ላይ አኖሩና ስፌቱን ተከትለው እስከ ኮሌታው ድረስ ወሰዱት። «ይህን ለመንካት እጅጌውን እፈታለሁ፣ ኮሌታውን እፈታለሁ፣ ገበሩን እፈታለሁ። ቁመት በዪኝ አሳጥርልሻለሁ፣ ወገብ በዪኝ አጠብብልሻለሁ፤ ትከሻ ግን ልክ ሆኖ ነው የሚገዛ» አሉኝ። የጠየቁኝ የእጅ ዋጋ ከካፖርቱ ዋጋ ብዙም አያንስም ነበር። እንግዲህ የትከሻው ስፌት ልክ የትከሻሽ አጥንት የሚያልቅበት ላይ ካልተቀመጠ ሌላው ቢያምርም ተዪው። ቁመቱ ቢረዝም፣ ወገቡ ቢሰፋ ግን አያስፈራሽ፤ በትንሽ ገንዘብ ይስተካከላል። ጠባብ ከሆነ ግን ገልብጠሽ ስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ መኖሩን እዪ፤ ከሌለ የሚሰፋበት መንገድ የለም።

ጨርቁን በተመለከተ ያለሽበትን አገር አስቢ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ ማለት ነው። ጠዋት በጭጋግ ተንቀጥቅጠሽ የተሳፈርሽው ልጅ ቀትር ላይ ያልብሻል። ስለዚህ ላንቺ አንድ ወፍራም ልብስ አይሠራልሽም፤ ከሥር ስስ ጥጥ፣ ከላይ የሚወልቅ ሹራብ ወይም ጃኬት ነው የሚያዋጣሽ። ሳታውቂው ያደረግሽውም ይህንኑ ነው፤ ሰማያዊው ሸሚዝና አረንጓዴው ሹራብ አብረው የኖሩት ለዚህ ነው።

ባቲ ሰኞ ገበያ ወርደሽ ታውቂ ይሆናል። ከቆላው የመጣው በሽርጥ፣ ከደጋው የወረደው በጋቢ፣ ሴቶቹም እያንዳንዳቸው ባገራቸው ሻሽና ዶቃ። ማን ከየት እንደመጣ ከሩቅ ትለያለሽ። ያን ገበያ ሳይ ሁሌ የሚያስደስተኝ ሰዉ አየሩንና ሥራውን አውቆ መልበሱ ነው፤ ለዚያም ነው የሚያምርበት።

ፖሊስተር የሚባለው ጨርቅ ከነዳጅ ውጤት የሚሠራ ነው። ጥጥ ከአየሩ እርጥበት የክብደቱን ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህል ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ላብሽን ስለማይመጠው ቀትር ላይ ጀርባሽ ላይ ይለጠፋል። ውስጡ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቢ፤ ጽሑፍ ከሌለው ወይም ካላመንሽው፣ ከገዛሽ በኋላም ቢሆን ለሚቀጥለው እንድታውቂ፣ ከውስጥ ስፌት ጫፍ አንዲት ክር ምዘዢና ሰሃን ላይ አድርገሽ በክብሪት አቃጥያት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ቀልጦ ይጠቀለልና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል፤ በጣትሽ ብትጨምቂው አይፈርስም። ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረግሽው በኋላ ክብሪት ሳያስፈልግሽ በእጅሽ መለየት ትጀምሪያለሽ። በእርግጥ ፖሊስተር ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ለዝናብ ጃኬት፣ ለካፖርት ገበር ጥሩ ነው። ገላሽን የሚነካው ላይ ግን ጥጥ ይሻልሻል።

ስለ ስፌት ደግሞ ከኔ የበለጠ የምታውቅ ሴት በየቀኑ አብራሽ ትሳፈር ይሆናል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ከ2009 ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። ከጎንሽ የተቀመጠችው ልጅ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ስትገጥም የምትውል ልትሆን ትችላለች። ተጫወቺና ጠይቂያት፤ ደህና ስፌት የቱ እንደሆነ በአንድ መንገድ ታሳይሻለች።

ከቴሌግራም የምትገዢ ከሆነ «ላርጅ» «ሚዲየም» የሚለውን አትመኚ፤ ከአምራች አምራች ይለያያል። ሰማያዊውን ሸሚዝሽን አልጋ ላይ ዘርግተሽ ከትከሻ ትከሻ፣ ከብብት ብብት፣ ከአንገት እስከ ታች በሴንቲ ሜትር ለክተሽ ስልክሽ ላይ ያዢ። ሻጩን እነዚያኑ ሦስት ልኮች ጠይቂው። በቀን ብርሃን የተቀረጸ፣ ውስጡንም የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ላክልኝ በዪው። ለመለካት የሰነፈ ሻጭ ሲሳሳትም ለመቀየር አይተጋም፤ እለፊው። ከሰልባጅ መግዛትም አያሳፍርም፤ አንዳንዴ አዲስ ከሚባለው የተሻለ ሱፍና ጥጥ የሚገኘው እዚያ ነው። ብብቱን፣ የኮሌታውን እጥፋት፣ የሱሪውን መቀመጫ እዪ፤ ብል የበላው እንዳይሆን ወደ ብርሃን አንስተሽ ተመልከቺው።

የቢሮ ልጆች ነገር። «እንደ ባልቴት» ያሉሽ ከቀለሙ ይልቅ ሌላ ነገር አይተው ይመስለኛል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ክርኑ የተበላ ሹራብና ዓመታት የተለበሰ ጉርድ ጥሩ ምርጫ ሆነው ሳለ ያረጁ ናቸው። ያረጀውን ማደስ እንጂ ምርጫሽን መጣል አያስፈልግሽም። እነሱ የለበሱት ቀይ ሳቲን እነሱን አምሮባቸው ይሆናል፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ። ደመቅ ማለት ከፈለግሽ በሻርፕ ጀምሪ። አንድ ደማቅ ሻርፕ ባይሆንሽ ኪሳራው ትንሽ ነው፤ ከሆነሽ ደግሞ ከሦስቱም ልብስ ጋር ይሄዳል።

አሁን ብሩን እናውጣ። ከሁሉ በፊት ግራጫውን ጉርድ ይዘሽ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሂጂና «በዚህ ልክ፣ በዚህ ኪስ ሁለት ስፋልኝ» በዪው፤ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላው ቡናማ። የምትወጂው ልብስ ካለ ከሱ የተሻለ ልክ ማንም አያገኝልሽም፤ ብዙ ሰው ይህን ለምን እንደማያደርገው ይገርመኛል። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ሳይሰፋ በፊት እጠቢው፤ ያልታጠበ ጥጥ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊኮማተር ስለሚችል ከአንድ ሜትር ጉርድ ላይ እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ይወስድብሻል። ከዚያ ሁለት ሸሚዝ። ከዚያ የደሴን ብርድ የሚመልስ አንድ ጃኬት፤ እዚህ ላይ አትሰስቺ። በስድስት መቶ ብር ገዝተሽ አንዴ የለበስሽው ሸሚዝ ያችን አንድ ቀን ስድስት መቶ ብር አስከፍሎሻል፤ ሦስት ሺህ የወጣበት ጃኬት ሁለት መቶ ቀን ከለበስሽው የቀኑ አሥራ አምስት ብር ነው። ከ8,000ው ላይ ግን ሁለት ሺውን አትንኪው። የወረቀትሽ ልብስ ሳይታሰብ ሲገኝ የምትገዢበት ይሁን።

ሰርጉን በተመለከተ ጠንከር ልበልሽ። ሙሽራዋን የምትወጃት ከሆነ አስቀድመሽ፣ ጨርቁ ሳይገዛ፣ ንገሪያት፦ «ቀለሙን አንድ እናድርግ፣ ስፌቱን ግን እያንዳንዳችን በሚሆነን እናሰፋ።» እንደ ወዳጅነታችሁ ትስማማለች ብዬ አስባለሁ። እምቢ ካለች ላዩንና ጉርዱን ለየብቻ አሰፊው፤ ከሰርጉ በኋላ ጉርዱ በሸሚዝ ይለበሳል። ያሉሽን አራት ቀሚሶችም ለልብስ ሰፊው አሳዪው፤ አንዳንዱ ተቆርጦ ደህና ሸሚዝ ይወጣዋል፣ ሌላውን የዘመድ ልጅ ትልበሰው።

የእናትሽም የአባትሽም ወገን የሚያከብርሽ አንድ ጥሩ የሐበሻ ቀሚስ ግን ይኑርሽ። እጅጌው ረጅም፣ ሰውነት የማይጨብጥ፣ ጥለቱ አንቺ በምትወጂው ጥቁር አረንጓዴ። ለመውሊዱ ሻርፑን ትጠመጥሚበታለሽ፣ ለጥምቀቱ ነጠላውን ትደርቢበታለሽ፤ ቀሚሱ ያው ነው። ከመግዛትሽ በፊት ነጭ መሐረብ አርጥበሽ የጥለቱን ጫፍ ቀስ አድርገሽ እሺው፤ መሐረቡን ቀለም ከነካው በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙ ነጩ ላይ ይወርዳል። ለጥር ወይም ለሚያዝያ ሰርግ የምታሠሪው ከሆነ ወር ሁለት ወር ቀደም በዪ፤ በሰርግ ሰሞን ሸማኔውም ልብስ ሰፊውም እጁ አይገኝም፣ ያኔ ደግሞ ያገኘሽውን ነው የምትገዢው።

ይህ ሁሉ ሳይጀመር በፊት፣ ነገ ዛሬ ሳትይ፣ የሹራቡን ክርን አስጠግኚው። ቀዳዳው አንድ ክር በለቀቀ ቁጥር ይሰፋል። ሹራብ የምትሠራ ሴት ካወቅሽ በክሩ ትሠራልሻለች፤ ካላወቅሽ ልብስ ሰፊው እንቁላል ቅርጽ ያለው ወፍራም ጨርቅ ወይም ስስ ቆዳ በሁለቱም ክርን ላይ ይለጥፍልሽ፣ አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ጥገና ይመስላል። ክር ልትገዢ ስትሄጂ ሹራቡን ራሱን ይዘሽ ሂጂ። ጥቁር አረንጓዴ በሱቅ መብራትና በፀሐይ አንድ ስላልሆነ ክሩን ከሹራቡ ጋር ይዘሽ በር ላይ ውጪና አስተያዪው።